የሮማ ወርቅ በአክሱም ምድር

ሮማውያን የወርቅ ሳንቲማቸውን አውሬየስ ይሉት ነበር፤ «ወርቃማ» ማለት ነው። ዩልዮስ ቄሣር በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት በብዛት አሳተመው፤ ተተኪው አውግስጦስ ደግሞ የግዛቱ መደበኛ ገንዘብ አደረገው። በአማርኛው የማቴዎስ ወንጌል የወይኑ ቦታ ሠራተኞች ለቀን ሥራ የተዋዋሉበት ዲናር የዚሁ ሥርዓት የብር ሳንቲም ነው። አንድ አውሬየስ በ25 ዲናር ይመነዘር ስለነበር፣ የቀን ሠራተኛ አንዲቱን የወርቅ ሳንቲም በእጁ ለማስገባት አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ድረስ መሥራት ነበረበት። በአውግስጦስ ጊዜ ሳንቲሙ ወደ 8 ግራም ይጠጋ ነበር። በ64 ዓ.ም. ኔሮን ከአንድ የሮማ ሊብራ ወርቅ 45 ሳንቲም እንዲወጣ አዘዘና ክብደቱ ወደ 7.3 ግራም ዝቅ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።) ሊብራው በ12 ኡንሲያ ይከፈላል። ይህ የሮማ ቃል በግሪክና በዐረብ አፍ ተሻግሮ ኢትዮጵያ ደርሷል፤ አንጥረኛው ወርቅ የሚመዝንበት «ወቄት» ከዚሁ የተወለደ ነው። የሮማው ኡንሲያ ከ27 ግራም ጥቂት ከፍ ሲል የኢትዮጵያው ወቄት 28 ግራም ያህላል። ሁለት ሺህ ዓመት ያስቆጠረ ዝምድና እንዲህ ባለ ትንሽ ልዩነት ብቻ መለየቱ ያስደንቃል።

የሮማ ወርቅ ወደ ቀይ ባሕር የፈሰሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ30 ዓመት አውግስጦስ ግብጽን ከያዘ በኋላ ነው። ከግብጽ ወደቦች የተነሡ መርከቦች በወቅታዊው ነፋስ እየተነዱ ሕንድ ድረስ ይሄዱ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሐርና የከበረ ድንጋይ ጭነው ይመለሱ ነበር። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ሕንድ፣ ቻይናና ዐረቢያ በየዓመቱ ከግዛቱ 100 ሚሊዮን ሴስተርስ ይወስዱብናል ብሎ አማርሯል። አንድ አውሬየስ 100 ሴስተርስ ስለነበር፣ የፕሊኒ ቁጥር በወርቅ ሲታሰብ አንድ ሚሊዮን አውሬየስ ይሆናል። በዚህ መንገድ መካከል ላይ የምትገኘው ትልቋ የአፍሪካ ወደብ አዱሊስ ነበረች። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ቅርፊት ከዚያ ይጫኑ እንደነበር ፕሊኒ ራሱ ጽፏል።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት አጋማሽ አንድ ስሙ ያልታወቀ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ለሙያ ጓደኞቹ የባሕር መንገድ መምሪያ አዘጋጀ። «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ጽሑፍ የአክሱምን ስም ከጠቀሱት ቀደምት ሰነዶች አንዱ ነው። ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ 3 ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም ሌላ 5 ቀን መንገድ እንደነበር ይናገራል። የአገሩ ገዢ ዞስካሌስ ግሪክኛ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ ገንዘቡን አጥብቆ የሚይዝ ሰው እንደነበርም ይጨምራል። ለሳንቲም ታሪክ የበለጠ የሚጠቅመው ግን የገቢ ዕቃው ዝርዝር ነው። ወደ አዱሊስ የሚገባው የሮማ ገንዘብ «ጥቂት» ነበር፤ እርሱም እዚያ ለሚኖሩት የውጭ ሰዎች መገበያያ ነው። ያገሩ ሰው ነሐስ እየቆራረጠ እንደ ገንዘብ ይጠቀም ነበር። ለንጉሡ ደግሞ በአገሩ ፋሽን የተሠራ የወርቅና የብር ዕቃ ይመጣለት ነበር። ከዚህ እንደሚታየው በዚያ ዘመን የሮማ ወርቅ ሳንቲም በደጋው ገበያ የሚዘዋወር ገንዘብ አልነበረም፤ ከባሕሩ ዳርቻ አልፎ ሲገባ የከበረ ማዕድን፣ ጌጥ ወይም የክብር ስጦታ ሆኖ ነው።

የመጠራ ግኝት ይህን ያስረዳል። መጠራ በዛሬይቱ ኤርትራ በሰንዓፈ አጠገብ የምትገኝ የአክሱም ዘመን ከተማ ናት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ አርኪዮሎጂ ተቋም ሥር ፍራንሲስ አንፍሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቁፋሮ ሲያካሂድ አንድ የነሐስ ማሰሮ ተገኘ። በውስጡ ሁለት መስቀሎች፣ ሦስት ሰንሰለቶች፣ በርካታ የአንገት ጌጦችና 14 የሮማ ሳንቲሞች ነበሩ፤ ሁሉም ወርቅ፣ ሁሉም ብዙ ያልተጎዳ። ሳንቲሞቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው መቶ ዓመት ሲሆኑ አብዛኞቹ የአንቶኒኖስ ዘር ቄሣሮች ያሳተሟቸው ናቸው። ከመስቀል ጋር አብረው መቀመጣቸው ማሰሮው የተደበቀው አክሱም ክርስትናን ከተቀበለች በኋላ መሆኑን ያመለክታል። የሮማ ነገሥታትን ምስል የተሸከሙት እነዚህ ወርቆች ከታተሙ ከብዙ ትውልድ በኋላም በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ጌጥ ተጠብቀው ኖረዋል ማለት ነው።

ሌላው የግኝት ስፍራ ደብረ ዳሞ ነው፤ አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት፣ በጠፍር ገመድ የሚወጣበት የትግራይ ገዳም። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በ1940፣ ከ100 በላይ የወርቅ ሳንቲሞች እዚያ ተገኙ። ሳንቲሞቹ ግን የሮማ አልነበሩም፤ ሰሜን ሕንድንና አፍጋኒስታንን የገዙት የኩሻን ነገሥታት፣ ማለትም የቪማ ካድፊሴስ፣ የካኒሽካ፣ የሁቪሽካና የቫሱዴቫ ነበሩ። የኩሻን የወርቅ ዲናር 8 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ክብደቱ ከጥንቱ አውሬየስ ጋር ይገጣጠማል። አንቶኒዮ ሞርዲኒ ይህን ግኝት በ1960 ጽሑፍ አድርጎ ባያሳትመው ኖሮ፣ የሦስተኛው መቶ ዓመት መርከቦች ከሕንድ ወርቅ ጭነው ወደ አዱሊስ ይመለሱ እንደነበር የሚመሰክር እንዲህ ያለ ማስረጃ በእጅ ባልኖረ ነበር።

በሦስተኛው መቶ ዓመት ሮማ ታመመች። ቄሣር በቄሣር ላይ ተነሣ፣ የብር ዲናሩ ብሩ ተሟጥጦ መዳብ ሆነ፣ የወርቁም ክብደት ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ይዋዥቅ ጀመር። አክሱም የራሷን የወርቅ ገንዘብ ማሳተም የጀመረችው ልክ በዚህ ጊዜ፣ ወደ 270 ዓ.ም. ገደማ፣ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን ነው። በዚያን ዘመን በራሳቸው ስም የወርቅ ሳንቲም የሚያሳትሙ መንግሥታት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሮማ፣ ፋርስና ኩሻን ዋነኞቹ ናቸው። ከሰሃራ በታች ካሉት የአፍሪካ አገሮች አክሱም ብቻዋን ነበረች።

የእንዱቢስ ወርቅ ከሮማ ብዙ ተምሯል፣ ራሱንም አልካደም። ክብደቱ 2.7 ግራም ገደማ ነው፤ ዲዮቅልጥያኖስ ከአንድ ሊብራ 60 እንዲወጣ ያዘዘው የዚያ ዘመን አውሬየስ ግማሽ መሆኑ ነው። ጽሑፉ በግሪክ ቋንቋ ነው፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነጋዴ እንዲያነበው። ከ«የአክሱማውያን ንጉሥ» ቀጥሎ ግን በግሪክ ፊደል የተጻፈ የግዕዝ ቃል አለ፤ «ብእሴ ዳኹ»፣ የንጉሡ ወገን ወይም ጭፍራ ስም። በሮማ ሳንቲም አንደኛው ገጽ ላይ ቄሣሩ፣ በሌላው ላይ አምላክ ወይም የድል ምልክት ሲቀረጽ፣ እንዱቢስ በሁለቱም ገጽ የራሱን ምስል አኖረ። ራሱ በሻሽ ተጠምጥሟል፤ ግራና ቀኙን የእህል ዛላ አቅፎታል። ከራሱ በላይ የፀሐይና የጨረቃ ምልክት አለ። ቄሣር የሎረል ቅጠል ሲደፋ የአክሱሙ ንጉሥ የገበሬውን ዛላ መምረጡ ከየትኛውም የሮማ ሳንቲም የተቀዳ አይደለም።

ተከታዮቹ ነገሥታት በየተራ አንዳንድ ነገር ጨመሩ። አፊላስ የመዳብ ሳንቲምና ትናንሽ የወርቅ ክፍልፋዮች አወጣ። ዋዜባ ጽሑፉን በግዕዝ አደረገው፤ ያኔ ፊደሉ ገና አናባቢ አልነበረውም። ውሎ አድሮ ልማድ ሆነ፤ ለውጭ ንግድ የሚወጣው ወርቅ በግሪክኛ ቀጠለ፣ በአገር ቤት የሚዘዋወረው መዳብ ደግሞ በግዕዝ ይጻፍ ጀመር። የአክሱም አንጥረኞች ሌላም ጥበብ ነበራቸው፤ በብርና በመዳብ ሳንቲሞች ላይ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ መካከል፣ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። ይህን አድካሚ ሥራ ለዕለት ገበያ በሚውል ሳንቲም ላይ ያዋለ ሌላ ጥንታዊ መንግሥት አይታወቅም።

በአራተኛው መቶ ዓመት ታላቁ ቆስጠንጢኖስ የሮማን ወርቅ እንደገና አጸናው። ከአንድ ሊብራ 72 የሚወጣ፣ 4.5 ግራም የሚመዝን ሶሊደስ የተባለ አዲስ ሳንቲም አሳተመ፤ ትርጉሙ «ጽኑ» ነው። እንደ ስሙም ጸና፤ በቁስጥንጥንያ ለ700 ዓመት ያህል ክብደቱና ጥራቱ ሳይበላሽ ቆየ። የአክሱም ንጉሥ ኢዛናም ለውጡን ተከተለ። የአክሱም ወርቅ ወደ 1.6 ግራም ወረደ፤ ይህም የሶሊደስ ሲሶ ገደማ ነው። በሮማ ቄሣር የተወሰነ የክብደት ለውጥ አክሱም ድረስ መሰማቱ ሁለቱ ቤተ መንግሥቶች ምን ያህል ይተያዩ እንደነበር ያስረዳል። ወርቁ ለውጭ ንግድ የታሰበ ነውና የአዱሊስ ነጋዴ በሮማ ሚዛን ሊመዘንለት ይገባ ነበር።

ኢዛና አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ባስተማሩት ወንጌል ሲያምን ሳንቲሙም አብሮ ተለወጠ። የቀደሙት ወርቆቹ ፀሐይና ጨረቃ አሉባቸው፤ የኋለኞቹ መስቀል። መስቀልን የገንዘባቸው ዋና ምልክት ካደረጉት የዓለም ነገሥታት ቀዳሚዎቹ የአክሱም ናቸው። ከእርሱ በኋላ የነገሠው መሐድይስ በመዳብ ሳንቲሙ ላይ «በዝ መስቀል ትመውእ» የሚል የግዕዝ ጽሑፍ አስቀረጸ፤ ቆስጠንጢኖስ በ312 ከጦርነት በፊት በሰማይ አየው ከሚባለው ቃል ጋር አንድ ነው። የኢዛና ሃይማኖት ለውጥ በድንጋይ ጽሑፎቹም ይታያል፤ ሳንቲሙ ግን ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ዜናውን ከባሕር ማዶ ያደረሰው እርሱ ነው።

የሮማና የአክሱም ወርቅ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ሲሄዱ የሚታዩት በስድስተኛው መቶ ዓመት ነው። የእስክንድርያው ነጋዴ፣ ኋላም መነኩሴ የሆነው ኮስማስ፣ ንጉሥ ካሌብ ወደ ደቡብ ዐረቢያ ሊዘምት ሲዘጋጅ አዱሊስ ነበር። የጻፈው መጽሐፍ የአክሱም ወርቅ ከየት ይመጣ እንደነበር ይገልጻል። የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ አማካይነት በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደተባለ የወርቅ አገር ሰዎች ይልክ ነበር። ከ500 በላይ የሆኑ ነጋዴዎች በሬ፣ አሞሌና ብረት ይዘው ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ በእሾህ አጥር ሠርተው ይሰፍራሉ፤ በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በእሾሁ ላይ ይሰቅላሉ። ያገሩ ሰዎች መጥተው ከሚፈልጉት ዕቃ አጠገብ የባቄላ ፍሬ የሚያክል የወርቅ እንክብል አኑረው ይመለሳሉ። የዕቃው ባለቤት ዋጋው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ካልበቃው ይተወዋል፤ ያኛው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይወስዳል። ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎች ያለ አንድ ቃል፣ ያለ ሳንቲም ይገበያዩ ነበር። ጉዞው ደርሶ መልስ 6 ወር ይፈጅ ነበር። በእነዚህ እንክብሎች ወርቅ የታተመው ሳንቲም ነው አዱሊስ ላይ ከሶሊደስ ጋር የሚሰለፈው።

ኮስማስ ስለ ሮማ ወርቅ ያለው ሌላ ታሪክም የአዱሊስ ሰዎችን ይጠቅሳል። ሶጳጥሮስ የተባለ ነጋዴ ከአዱሊስ ሰዎች ጋር በመርከብ ተሳፍሮ ዛሬ ስሪላንካ ወደምትባለው ደሴት ደረሰ። አንድ የፋርስ ሰውም እዚያ ደርሶ ነበር። የደሴቲቱ ንጉሥ ከሮማና ከፋርስ ነገሥታት ማን ይበልጣል ብሎ ሲጠይቅ ፋርሱ የራሱን አስበለጠ። ሶጳጥሮስ ሁለቱንም ነገሥታት በእጅህ ይዘሃልና አስተያይ አለው፤ የሮማውን ወርቅና የፋርሱን የብር ድርሃም። ንጉሡ የወርቁ ውበትና ጥራት ስለታየው ለሮማ ፈረደ። ታሪኩ ምናልባት ተውቧል። የሮማ ወርቅ ከዓለም ዳር እስከ ዳር ይወሰድ ነበር የሚለውን የኮስማስን እምነት ግን በደቡብ ሕንድ ከምድር የወጡት ሶሊደሶች ያረጋግጣሉ፤ በአንገት እንዲንጠለጠሉ ከምስሉ በላይ ሁለት ቀዳዳ የተበሱ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱም ጋር የአክሱም ወርቅ ተገኝቷል፤ በዚያው ዓይነት የተበሳ።

ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ531 ገደማ መልእክተኛ ወደ አክሱም ላከ። ሐር ከሕንድ እየገዛችሁ ብትሸጡልን እናንተ ትበለጽጋላችሁ፣ እኛም ወርቃችንን ለጠላታችን ለፋርስ ከመክፈል እንድናለን አለ። የታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው ነገሩ አልተሳካም፤ የፋርስ ነጋዴዎች በሕንድ ወደቦች ቀድመው ሐሩን ጠቅልለው ይገዙት ነበር።

የዚያን ዘመን ሙሉ ሥዕል የሰጠው በየመን፣ በኤደን አካባቢ አል-መድሃሪባ በተባለ ስፍራ የተገኘው ድልብ ነው። 1,194 የወርቅ ሳንቲሞች ነበሩ፤ 868ቱ የአክሱም፣ 326ቱ የሮማ። እስካሁን ከታወቁት የአክሱም ወርቅ ግኝቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ካሌብ በ525 የናግራን ክርስቲያኖችን ደም ለመበቀል ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የደቡብ ዐረቢያውን የሒምያርን መንግሥት ድል ነሥቷል፤ የእርሱም ሳንቲሞች በድልቡ ውስጥ አሉ። ማን ቀበረው የሚለው ሲያከራክር ይኖራል። ሁለቱ ወርቆች በአንድ ድልብ ውስጥ መገኘታቸው ግን ባለቤታቸው ለያይቶ እንዳላያቸው ያሳያል።

ከካሌብ በኋላ የአክሱም ወርቅ ቀስ በቀስ ደበዘዘ። በእንዱቢስ ዘመን ከ90 በመቶ በላይ የነበረው ጥራት በመጨረሻዎቹ ነገሥታት ወደ 60 በመቶ ገደማ ወረደ፤ ብር እየተቀላቀለበት ነው። በ570ዎቹ ፋርሶች የመንን ያዙ። በሰባተኛው መቶ ዓመት የቀይ ባሕር ንግድ እጁን ለወጠ። ብዙ ጸሐፊዎች የነቢዩ መሐመድን ተከታዮች ከተቀበለው ነጃሺ ጋር የሚያዛምዱት አርማሕ የብር ሳንቲሞችንና በዙፋን ተቀምጦ የሚታይባቸውን የመዳብ ሳንቲሞች ትቷል፤ ወርቅ ግን የለውም። ከዚያ ወዲህ ለሺህ ዓመት ያህል በደጋው የታተመ ገንዘብ አልነበረም። አሞሌ፣ ሸማና ብረት አገለገሉ፤ ኋላም የማርያ ቴሬዛ ብር መጣ፤ በመጨረሻ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የራሳቸውን ብር በፓሪስ አሳተሙ። በዚህ ረጅም ዘመን ከምድር የወጣ ወርቅ ሁሉ ዕጣው አንድ ነበር፤ ወደ አንጥረኛው ምድጃ መግባት። የሮማም የአክሱምም ወርቅ በኢትዮጵያ ምድር እምብዛም የማይገኘው አንድም ወደ ውጭ ስለወጣ፣ አንድም ቀልጦ ሌላ ጌጥ ስለሆነ ነው።

ሳንቲሞቹን ለማጥናት የሰበሰቡት መጀመሪያ የውጭ ተጓዦች ናቸው። ጀርመናዊው ኤዱዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ ጎንደር ተቀምጦ የብራና መጻሕፍት ሲገዛ የአክሱም ሳንቲሞችንም አስተዋለና በጉዞ መጽሐፉ ምስላቸውን አወጣ። ከእርሱ በኋላ የመጣው የዊሊያም ፕራይዶ ታሪክ የተለየ ነው። ፕራይዶ ኤደን ላይ የሚያገለግል የእንግሊዝ መኮንን ነበር፤ ከመልእክተኛው ከሆርሙዝድ ራሳም ጋር ተልኮ መጣና በዐፄ ቴዎድሮስ ታስሮ በሚያዝያ 1868 ከመቅደላ ተለቀቀ። በ1884 ስለ አክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ጥናት ያሳተመው ይኸው የመቅደላ እስረኛ ነው። በ1926 ጣሊያናዊው አርቱሮ አንዛኒ እስከዚያ የታወቁትን ሁሉ አሰባስቦ ሰፊ ጥናት ጻፈ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኔቪል ቺቲክ አክሱም ላይ ቆፈረ፤ አብሮት የሠራው ስቱዋርት መንሮ-ሄይ የነገሥታቱን ቅደም ተከተል በሳንቲሞቻቸው አስተካከለ፤ የአል-መድሃሪባውንም ድልብ በ1989 ያሳወቀው እርሱ ነው። የኦክስፎርዱ ሐኪም ቤንት ዩል-የንሰን በግሉ ያከማቸው የአክሱም ሳንቲም ዛሬ በአሽሞሊያን ሙዚየም ይገኛል፤ በ2016 ዝርዝሩ ታትሟል።

የግል ሰብሳቢዎች ውለታ ሊካድ አይገባም። ብዙ ነገሥታት ስማቸው እንኳ የታወቀው በሳንቲማቸው ብቻ ነው፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሰብሳቢ እጅ ባይገቡ ቀልጠው ይቀሩ ነበር። ጉዳታቸው ግን ከውለታቸው የከበደ ነው። ገበያው ሳንቲሙን ከምድር ሲነቅለው የነበረበትን ቦታ፣ ጥልቀትና አብሮት የተቀበረውን ዕቃ ይጥለዋል። የመጠራ 14 አውሬየሶች በገበያ ቢሸጡ 14 የሮማ ሳንቲሞች ብቻ ይሆኑ ነበር፤ ከመስቀሎቹ ጋር በአንድ ማሰሮ በመገኘታቸው ግን የአንድን ክርስቲያን ቤተሰብ ሀብትና ልማድ ተናገሩ።

ዋጋው ሲወደድ ሐሰተኛውም በዝቷል። የጥንቱ ሳንቲም በሁለት ማተሚያ መካከል በመዶሻ ተመትቶ ስለሚወጣ ጽሑፉ ስለታም፣ ጠርዙ ወጣ ገባ ነው። በቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰው ሐሰተኛ ደግሞ ደብዛዛ ይሆናል፤ የአየር ቀዳዳ ወይም በጠርዙ ዙሪያ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ሚዛንም ይመሰክራል፤ ንጹሕ ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ ርካሽ ብረት በመጠን ቢመስለው በክብደት አይመስለውም።

በአክሱም ዙሪያ ከክረምት ዝናብ በኋላ ገበሬዎችና ልጆች ከታረሰው መሬት ሳንቲም ይለቅማሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ በግንባታ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በማዕድን ቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት እንዳለ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ሕጉ የተጻፈው ለአክሱም ማሳ ብቻ አይደለም፤ በአቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ መሠረት የሚቆፍረውንም ሠራተኛ ይመለከታል። አሮጌ ሳንቲም ያገኘ ሰው አያጥበው፣ አይፈግፍገው፣ ወደ አንጥረኛም አይውሰደው። የተገኘበትን ቦታና አብሮት የነበረውን ስባሪ ሸክላ ሳይቀር ልብ ብሎ፣ በአቅራቢያው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳውቅ።